ሻንጣው ሒሳብ ይክፈል!

«ሻንጣ ይዞ በታክሲ ኤርፖርት? ሰው ምን ይላል!»

ሰው? የቱ ሰው? ወያላው ከሆነ የሚለው ይታወቃል፤ «ቦሌ! ቦሌ! ቦሌ!» ነው የሚለው። ተራ አስከባሪው ከሆነ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ከማለት ሌላ ሥራ የለውም። አጠገብህ የተቀመጡት እናት ግን ሻንጣህን አይተው «ወዴት ነው ልጄ?» ይሉሃል፤ ትነግራቸዋለህ፤ «በሰላም ያግባህ፣ በወጣህበት እግር ያስመልስህ» ብለው እስከ ቦሌ ይመርቁሃል። በነፃ! ኮንትራት ብትይዝ ምርቃቱ የለም፤ ሒሳቡ ብቻ ነው ያለው። እንግዲህ ወያላው ምንም አላለ፣ ተራ አስከባሪው ምንም አላለ፣ እናታችንም መረቁ። «ሰው ምን ይላል» ያልከው ሰው የታለ? እሱ አንተው ነህ።

ታዛቢዎች፣ ይሄን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። በየሰፈሩ አንድ አንድ ተመድቧል። አያ ኮንትራት ይባላል። ዓመቱን ሙሉ የታክሲ ሞተር ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱን አገጩ ሥር ወትፎ፣ «መልስ ስጠኝ እንጂ!» እያለ ከወያላ ጋር ሲነታረክ የከረመ ሰው ነው። ቪዛ የተመታለት ዕለት ግን ተለወጠ። በታክሲ መሄድ አያምርበትም አሉ። ቆይ፣ ቪዛው የተመታው ፓስፖርቱ ላይ ነው ወይስ ግንባሩ ላይ?

«ሻንጣ እኮ ሚኒባስ ውስጥ አይገባም።»

እንዴ! ሚኒባስ ውስጥ ያልገባ ነገር ምን አለ? ፍራሽ ገብቷል። ቆርቆሮ ገብቷል። ኩንታል ጤፍ ገብቶ ተሳፋሪው እግሩን ጤፉ ላይ ሰቅሎ እንደ ንጉሥ ሄዷል። የበዓል ዋዜማ ዶሮ እንኳ ክንፏን ታስራ፣ ሦስት ሦስት ሆና ተቀምጣ፣ ከሾላ ገበያ እስከ ሲኤምሲ ተጉዛለች። ያንተ ሻንጣ ከዶሮ በምን ይበልጣል? ጎማ ስላለው? ዶሮዋ እኮ ቢያንስ ጮኻለች። ሻንጣህ ጨዋ ነው፤ አይጮኽም። የሚጮኸው ባለቤቱ ነው።

ባለፈው መገናኛ ያየሁትን ልንገርህ። አንዲት ልጅ ከራሷ የሚበልጥ ሻንጣ ይዛ መጣች፤ ዚፑ እንዳይፈነዳ በነጠላ ጥለት ወገቡን ታስሯል። ወያላው እጀታውን ይዞ በአንድ እጁ ብድግ አደረገው። አየር ላይ ያዝ አድርጎ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። «ሃያ አምስት» አለ። «ሃያ ሦስት ነው! ሥጋ ቤት ወስጄ አስመዝኛለሁ» አለች። «እህቴ፣ ሥጋ ቤት አስመዝነሽማ ሁለት ኪሎ ተበልቶብሻል» አለና ሻንጣውን ከሾፌሩ ጀርባ ሞተሩ ላይ ቂጢጥ አደረገው። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰውዬ ጉልበቱን እያሻሸ «ይሄማ ወንበር ይዟል፣ እንግዲህ ሻንጣው ሒሳብ ይክፈል!» ብሎ ነገር ጀመረ። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ብር ዘርግተው «ተወው፣ የሻንጣው በኔ ነው!» አሉ። ታክሲው በሳቅ ሊገለበጥ ምንም አልቀረው። ሻንጣ ሰው ከፈለለት! አያ ኮንትራት፣ አንተን ግን ዕድሜህን ሙሉ «በኔ ነው» ያለህ ሰው አለ?

«አዎ፣ ግን የሁለት ሰው ያስከፍሉሃል።»

ያስከፍሉኝ! ሻንጣዬን ሁለት ሰው ቢያደርጉት ከኔ ጋር ሦስት ሆነን ሄድን። ሦስት ሆነንም ያንተን የኮንትራት ጉርሻ አናክልም። ደግሞ አንተ ስለ ትርፍ ክፍያ የምታወራ ማን ነህ? ኤርፖርቱ ሚዛን ላይ ቆንጆዋ ልጅ ፈገግ ብላ «ትርፍ ኪሎ አለብዎት» ስትልህ «እሺ የኔ እህት» ብለህ፣ ተሽቆጥቁጠህ፣ ዕቁብህን አራግፈህ ትከፍላለህ። ወያላው የአንድ ወንበር ሲጠይቅህ ግን ዘራፍ! ነገሩ እኮ ግልጽ ነው። ታክሲ ውስጥ ትርፍ ሰው አለ፤ ኤርፖርት ትርፍ ኪሎ አለ፤ ኮንትራት ውስጥ ትርፉ ያለው ሾፌሩ ኪስ ነው።

ስለ ኪሎ ካነሣህ አይቀር፣ አንተ ኪሎ የምታውቀው በሰፈር ስም ብቻ ነው። አየር መንገዳችን በብዙዎቹ ዓለም አቀፍ መስመሮች ላይ በኢኮኖሚ ወንበር ለሚሄድ ሰው 23፣ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቅዳል፤ በእጅ ደግሞ 7 ኪሎ። አራት ኪሎን፣ አምስት ኪሎንና ስድስት ኪሎን ብትደምራቸው 15 ነው፤ አንዱን ሻንጣ ለመሙላት ገና 8 ይቀርሃል። አንተ ግን ከነእንጦጦ ጭነኸው መጣህ። ከዚያ ሚዛኑ ሥር ተንበርክከህ ሻንጣ ስትዘረግፍ አገር ታይሃለች። ሽሮው በአንድ ወገን፣ ድርቆሹ በሌላ ወገን፣ ዳቦ ቆሎው ከካልሲ ውስጥ ሲንጠባጠብ። የበርበሬው ፌስታል ተቀደደና ከኋላህ የተሰለፈው ፈረንጅ አስነጠሰው። የማር ገንቦህንማ በእጅ ሻንጣ ከተህ ፍተሻ ጋ ይዘኸው ቀረብክ። «ፈሳሽ ነው፣ አያልፍም» ሲሉህ «ማር ፈሳሽ ነው እንዴ?» ብለህ ተከራከርክ። በታክሲ መሄድ ያሳፍረኛል ያልከው አንተ ነህ አይደል? እስቲ አሁን ከወለሉ ላይ ተነሥና ክብርህን ልበስ።

«ሰው ሲሸኝ በመኪና ነው ወጉ።»

አሃ፣ ወግ! እሺ ስለ ወግ እናውራ። ተጓዡ አንድ ነው። ሸኚው አክስት፣ የአክስት ባል፣ ሁለት ጎረቤት፣ የዕድር ጸሐፊ፣ የንስሐ አባት፣ ሦስት አብሮ አደግ፣ ለቅሶ የምታሟሙቅ አንዲት ዘመድና ለምን እንደመጣ ማንም የማያውቀው አንድ ሰው። ለዚህ ሁሉ ሰው አራት መኪና በኮንትራት ተይዟል። ቁጠራቸው እስቲ! ከተጓዡ ጋር 12 ናቸው። የአንድ ሚኒባስ ሕጋዊ ጭነት እኮ ነው! አንተ ሰውዬ፣ ሚኒባስ አልሳፈርም የምትለው ቤተሰብህ ራሱ ሚኒባስ ሆኖ ሳለ ነው። ወያላ ብቻ ነው የጎደላችሁ፤ እሱንም ለምን እንደመጣ የማይታወቀው ሰውዬ ይሠራዋል።

ይሄ ሁሉ ጭፍራ ደግሞ እስከ በሩ ነው። ተሳፋሪ ያልሆነ ወደ ተርሚናሉ አይገባም። አራት መኪና ሙሉ ዘመድ መኪና ማቆሚያው ላይ ተደርድሮ፣ በማይታይ አውሮፕላን ላይ እጁን እያውለበለበ፣ የማቆሚያ ሒሳብ እየቆጠረበት ይመለሳል። ከአራቱ መኪና አንዱ መመለሻው ላይ ነዳጅ ጨርሶ ተገፋ። ሸኚው ከተሸኚው ቀድሞ ደከመው።

«ሻንጣው ይሰረቃላ!»

ማን ነው የሚሰርቀው? ኪስህንማ ጠብቅ፤ ስልክህን በጃኬትህ የውስጥ ኪስ አድርግ፤ ይሄን እናትህም ነግራሃለች። ሻንጣህን ግን 12 ሰው እያየው፣ በር በወያላ ክንድ ተዘግቶ፣ ማን ይዞት ይሮጣል? አገራችን ሯጭ ያጣች አገር አይደለችም፤ ሮምን በባዶ እግሩ የሮጠ ወልዳለች። 23 ኪሎ ሽሮ አዝሎ የሚሮጥ ግን ገና አልወለደችም። ከተገኘም ፖሊስ ሳይሆን ፌዴሬሽን ነው መጥራት ያለብህ።

«ታክሲ ያስረፍዳል።»

ኮንትራትህ ክንፍ አለው እንዴ? የቦሌ መንገድ ሲዘጋ ለሁሉም ነው የሚዘጋው። ሚኒባሱና አንተ መስኮት ለመስኮት ትተያያላችሁ። ልዩነቱ፣ እኛ ለ12 ተካፍለን እንናደዳለን፤ አንተ ብቻህን፣ እየከፈልክ ትናደዳለህ።

ማርፈድን ካነሣን ደግሞ ያንተን ጉድ እኔ ነኝ የማወጣው። አዳምጡ እስቲ። ትኬቱ ላይ የወሩ 12ኛ ቀን፣ 00:30 ይላል። ፈረንጅ ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ እኛ ጎህ ሲቀድ ነው። ስለዚህ በኛ አነጋገር ይሄ በረራ የ11 ማታ ነው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል። አያ ኮንትራት ግን 12ኛውን ቀን ሙሉ ሲሰናበት ዋለ፣ ክትፎ በላ፣ በ12 ማታ ክራቫት አሥሮ፣ ጥቁር መኪና ይዞ፣ ሙሉ 24 ሰዓት አርፍዶ ከች አለ። አውሮፕላኑ ደርሶ፣ አራግፎ፣ ሊመለስ ሻይ እየጠጣ ነው። ይሄንንም በሚኒባስ አላክክ እንዳትል! ሚኒባስ እንኳ የቀን መቁጠሪያ አይሳሳትም፤ ሾፌሩ ፊት ለፊት የተለጠፈው የቅዱሳን ሥዕል ሥር አለልህ።

አሁን ደግሞ ከዋሽንግተን የመጣው የአጎቱ ልጅ ሊያግዘው ነው መሰለኝ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኛ ጋ እኮ ባቡሩ ኤርፖርቱ በር ድረስ ነው የሚገባው።»

ተባረክ! ግን መቼ ገባ? ያቺ እናንተ «ደለስ» የምትሏት ኤርፖርት በእነሱ አቆጣጠር በ1962 ተመረቀች። ሲልቨር ላይን የተባለው ባቡር የደረሰላት በኅዳር 2022 ነው። 60 ዓመት! ጨረቃ ላይ ወጥተው ተመልሰው፣ ኮምፒውተር ሠርተው፣ ስልክ ኪስ ውስጥ ከተው፣ ያቺን ባቡር ግን 60 ዓመት ፈጀባቸው። እና የእኛን ታክሲ ለመናቅ ይቸኩልሃል? ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ያን ሁሉ ሻንጣ ከደለስ ወደ ከተማ ሲያመላልስ የነበረው ማን ሆነና? ብዙ ጊዜ ያገርህ ልጅ፣ ባለ ታክሲው! ባቡሩ በዘገየ ቁጥር ስንቱ ሐበሻ ቤት እንደገዛ ታውቃለህ። ባቡሩ በተከፈተ ማግስት ለቅሶ የተቀመጠው ማን እንደሆነም ታውቃለህ።

የእኛም ባቡር ቢሆን ኤርፖርት አይሄድም ያለው ማን ነው? ይሄዳል! በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡራችን አንዱ መስመሩ ከአያት ጦር ኃይሎች ነው። መንገዱ ላይ ልደታ ይቆማል። ልደታ ምን ነበር? ቦሌ ሳይከፈት በፊት አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ! ይኸው፣ ባቡሩ ኤርፖርት ደረሰ። ትንሽ አርፍዶ ነው እንጂ። ሻንጣህን ይዘህ ልደታ ውረድና አውሮፕላኑን ጠይቅ፤ ታቦቱ ካልነገረህ ማንም አይነግርህም።

«ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ይመስል፣ ሻንጣዬን ታክሲ ላይ...»

ቁም! እሱን ነው የምፈልገው። አንዲት ከደሴ የመጣች ልጅ 400 ኪሎ ሜትር የተጓዘችው በምንድን ነው? በሕዝብ አውቶቡስ። ሻንጣዋ የት ነበር? ፖርቶ መጋላ ላይ፣ ሸራ ለብሶ፣ ከሽንኩርት ጆንያና ከሁለት በግ ጋር፣ የጣርማ በርን ብርድ እየተቋቋመ። ላምበረት መናኸሪያ ሲወርድ ምን ሆነ? አቧራውን አራገፈ፣ ቆመ። ይሄ ሻንጣ ነው ከላምበረት ቦሌ በሚኒባስ መሄድ የሚያሳፍረው? በግ አብሮት የተጓዘ ሻንጣ እኮ ትሁት ነው። ዓረብ አገር ደርሶ የተመለሰውም ሻንጣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፖርቶ መጋላ፣ በገመድ ታስሮ ነው አገሩ የሚገባው፤ ቤት የሚሠራውም፣ ወንድም የሚያስተምረውም እሱ ነው። ያንተ ሻንጣ ከገዛኸው ዕለት ጀምሮ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ብርድ ልብስ ሲጠብቅ የኖረ ነው። ኩራቱ ከየት መጣ?

«በቃ፣ ስልኬን አውጥቼ ፈረስ እጠራለሁ።»

ጥራ! ግን ሰው ይታዘብሃል። አንበሳ አውቶቡስ አልሳፈርም አልክ፣ ፈራህ ይሉሃል። ዶልፊን ሚኒባስ ውስጥ አልገባም አልክ፣ ዋና አይችልም ይሉሃል። ፈረስ ስትጠራ ደግሞ «ደርሻለሁ፣ የት ጋ ነህ?» «ከፋርማሲው ፊት ለፊት» «የቱ ፋርማሲ?» ስትባባሉ፣ ካርታው ላይ የምታየው ፈረስ ባለበት ሲዞር፣ እኔ ጥግ ይዤ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ሻንጣዬን ታቅፌ ቦሌ ደርሻለሁ። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ፈረሱም ጋማውም የለም። ወያላ ግን ኔትወርክ አይፈልግም። በገዛ ጉሮሮው ነው የሚሠራው።

እሺ፣ እሺ፣ አታልቅስ። አንድ ነገር ልመርቅልህ። ማታ ማታ እውነትህን ነው። ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄደው አውሮፕላን አብዛኛው የሚነሣው ማታና ሌሊት ነው። ሚኒባሱ ደግሞ ከመሸ በኋላ ወይ ቤቱ ይገባል፣ ወይ እሱም ራሱ አያ ኮንትራት ሆኖ ያርፈዋል። የአፍሪካን ግማሽ በአንድ ሌሊት የምታመላልስ ከተማ፣ አውቶቡሶቿን ግን ከዶሮ ጋር የምታስተኛ! ይሄን ጥፋት ለብቻህ አላሸክምህም። ደግሞ ከታክሲ መውረጃው እስከ ተርሚናሉ በር ያለችው መንገድ! ታክሲው እዚያ ማዶ ያራግፍሃል፤ ከዚያ ወዲያ አንተና ሻንጣህ ናችሁ። ለሻንጣው ጎማ ያሰበ ፈረንጅ፣ ለጎማው መንገድ ያሰበ የኛ ሰው አጥቶ ይኸው ስንጎትት እንኖራለን። ኩሊ ደረስኩ ይላል፤ ያንተ ጉልበት ያልቃል፤ ሻንጣው አንዱን ጎማ ቦዩ ውስጥ ጥሎ እያነከሰ ይገባል። ማታ የሚሠራ፣ የሻንጣ መደርደሪያ ያለው፣ በሩ ድረስ የሚገባ አንድ አውቶቡስ ቢኖር ግን አንተ ምን ይውጥህ ነበር? ሰበብ ታጣ ነበር! «ወንበሩ ከጃኬቴ ቀለም ጋር አይሄድም» ትል ነበር።

እሱን ተወውና ወደፊት የሚመጣብህን ስማ። አዲሱ ኤርፖርት ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ ላይ ነው የታቀደው። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ! ከአራት ኪሎ ቦሌ ኮንትራት መክፈል የከበደው ሰው ከአራት ኪሎ 40 ኪሎ ሜትር ሊከፍል ነው። ከነአክስቱ፣ ከነዕድሩ ጸሐፊ፣ አራት መኪና! ቃሊቲ ሳትደርስ ቆጣሪው ሻንጣህን ይመነዝረዋል፤ ዱከም ላይ ሰዓትህን ትፈታለህ፤ አቡሴራ በር ላይ ሾፌሩ ፓስፖርትህን መያዣ ይልሃል። እኔ ያኔም «ደብረ ዘይት! ደብረ ዘይት! አንድ ሰው የቀረው!» ሲባል ዘልዬ እገባለሁ። አንተ ግን በዚያ ሒሳብ አውሮፕላኑን ራሱን ኮንትራት ያዝና ከሰፈርህ ይውሰድህ፤ ይረክስልሃል። ብቻ አደራህን፣ ቀይ ባሕር ላይ ስትደርስ ልማድ ሆኖብህ «ወራጅ አለ!» እንዳትል።